ስንት ያወጣል ወይስ ስንት አስወጣ? የጌም ወጪ መከታተያዎች ሲፈተሹ

የጌም ስብስብ ያለው ሰው ፊት ሁለት ጥያቄ አለ፦ «ስንት ያወጣል?» እና «ስንት አስወጣ?»። በአነጋገር መንታ ይመስላሉ፣ በሒሳብ ግን አይተዋወቁም። በዚህ ሥራ ላይ ያሉት አፖችና ድረ ገጾች አብዛኞቹ የመጀመሪያውን ለመመለስ ይሽቀዳደማሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የስብስብ ዋጋ ሲጨምር ማየት ደስ ይላል፣ ደስ ያለው ሰው ደግሞ አፑን ነገም ይከፍተዋል። ከኪስ የወጣውን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው። እዚህ የምንመዝናቸው በሁለተኛው ጥያቄ ብቻ ነው። ተራ የያዙት የስቲም (የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት መደብር) የራሱ ገጾች፣ ስቲምዲቢ፣ ፕራይስቻርቲንግ፣ ሲኤልዜድ ጌምስ እና ማንም የማያሞግሰው ተራ የኤክሴል ወይም የጉግል ሺትስ ሠንጠረዥ ናቸው።

ስቲም፦ መልሱ አለ፣ ግን ተደብቋል

ስቲም ላይ ብቻ ለሚገዛ ሰው ድምሩ ተሠርቶ ተቀምጧል። በስቲም የድጋፍ ገጽ «ማይ አካውንት» ውስጥ ገብቶ፣ ከአካውንቱ ጋር የተያያዙ መረጃዎች የተዘረዘሩበትን ክፍል መክፈትና «ኤክስተርናል ፈንድስ ዩዝድ» የሚለውን መጫን ነው። የምትወጣው ሠንጠረዥ አጭር ናት። «ቶታልስፔንድ» ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር ከውጭ ወደ አካውንቱ የገባው ገንዘብ ጠቅላላ ነው፣ በአሜሪካ ዶላር። «ኦልድስፔንድ» የሚለው ከእሱ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2015 በፊት የወጣው ነው፤ ስቲም 5 ዶላር ያላወጡ አካውንቶችን መገደብ የጀመረው ያኔ ስለሆነ ተለይቶ ተያዘ። ሁለቱን መደመር አይገባም፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ነው።

ቁጥሩ እውነተኛ ነው፣ ግን ጠባብ ነው። ከሌላ ሻጭ ተገዝቶ ስቲም ላይ የተከፈተ ቁልፍ (ጌሙን የሚያስከፍት ኮድ) እዚህ ውስጥ የለም። በጌም የሚገኝ ካርድና ቆዳ (ስኪን፣ የማስዋቢያ ዕቃ) ሸጦ በተገኘ ገንዘብ የተገዛ ጌምም አይታይበትም፤ ገንዘቡ ከውጭ አልገባማ። ለሌላ ሰው የተገዛ ስጦታ ግን ተቆጥሯል። ስለዚህ ጥቅል የጌም ቁልፎችን ከየቦታው የሚያድን ሰው ይህን ቁጥር አይቶ ቢረጋጋ ራሱን እያታለለ ነው።

ዝርዝር ለሚፈልግ በአካውንቱ ገጽ ላይ የግዢ ታሪክ አለ። ቀን፣ የተገዛው ዕቃ፣ የክፍያ ዓይነት፣ ድምር፣ የዋሌት (የስቲም ውስጥ ገንዘብ መያዣ) ለውጥ እና የዋሌት ቀሪ በሚሉ ዓምዶች ተከፍሏል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ ወደ ታች ወርዶ ተጨማሪ የሚያመጣውን ቁልፍ፣ ቁልፉ ራሱ እስኪጠፋ ድረስ ደጋግሞ መጫን ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ ሰው የቅርቡን ብቻ ገልብጦ የሁሉንም ዓመት የያዘ ይመስለዋል።

ወጥመዱ ያለው መደመሩ ላይ ነው። ወደ ዋሌት 50 ገባ እንበል። ከዚያው ዋሌት በ30 አንድ ጌም፣ በ15 ሌላ ተገዛ። የድምር ዓምዱን እንዳለ የደመረ ሰው 95 ያገኛል። ከኪስ የወጣው ግን 50 ነው፤ ለጌም የዋለው 45፣ ዋሌት ውስጥ የቀረው 5። ስለዚህ ወጪው የሚቆጠረው ገንዘቡ ወደ ዋሌት ሲገባ ነው ወይስ ከዋሌት ሲወጣ የሚለውን አስቀድሞ ቆርጦ መነሳት ግድ ነው። ሁለቱንም የቆጠረ ሰው ባላወጣው ገንዘብ ይጸጸታል። ሲገባ መቁጠር ይሻላል፤ ከባንክ መግለጫው ጋር ማመሳከር የሚቻለው እንደዚያ ሲሆን ነው። ለየትኛውም መድረክ የጊፍት ካርድ ደንቡ አንድ ነው፦ ካርዱ ሲገዛ ተመዝግቦ ከሆነ፣ በካርዱ የተገዛው ጌም በዜሮ ይመዘገባል።

ሌላው ነገር የገንዘብ ምልክቱ ነው። ሠንጠረዡን ገልብጠው ኤክሴል ላይ ሲለጥፉት ምልክቱ ከቁጥሩ ጋር ተጣብቆ ይመጣል፤ ኤክሴል ምልክቱን ካላወቀው ሴሉን እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል። የድምር ፎርሙላው ደግሞ ጽሑፍ ሲያገኝ ስህተት ብሎ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ይዘለውና ያነሰ ድምር ይሰጣል። መለያው በዓይን ይታያል፦ ትክክለኛ ቁጥር በሴሉ ውስጥ ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ የሆነው ወደ ግራ። ወደ ግራ የተጠጋ ካለ «ፈልግና ተካ» በሚለው ምልክቱን በባዶ መተካት ይበቃል። በአንድ ቅርጫት የተገዙ ሦስት አራት ጌሞች በታሪኩ ላይ አንድ ረድፍ ይዘው አንድ ድምር ብቻ ነው የሚያሳዩት፤ የየራሳቸውን ዋጋ ለማግኘት ረድፉን ተጭኖ ደረሰኙን መክፈት ያስፈልጋል።

ተመላሽ የተደረገ ጌም ካለ ረድፉን አይሰርዙት። ስቲም በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወቱት ጌም ገንዘብ ይመልሳል፣ ገንዘቡ ግን ወደ ዋሌት ሊመለስ ይችላል። ወጪው በነበረበት ይቆይ፤ ተመላሹ ወደ ባንክ ከመጣ በራሱ ቀን በአሉታዊ ቁጥር ይግባ፣ ዋሌት ውስጥ ከቀረ ግን ወደ ኪስ አልተመለሰም። አለበለዚያ ሠንጠረዡ ከባንክ መግለጫው ጋር መቼም አይገጥምም።

የሌሎቹ መድረኮች ታሪክም እንደዚሁ በየአካውንቱ ውስጥ አለ፦ የፕሌይስቴሽን፣ የኒንቴንዶ፣ የማይክሮሶፍት፣ የጎግ፣ የኤፒክ። የኤፒክ ዝርዝር ረጅም ሊሆን ይችላል፤ መደብሩ ከተከፈተበት ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በነፃ ያደላቸው ጌሞች ሁሉ በዜሮ ዋጋ ተሰልፈውበታል። ከሞባይሎቹ መካከል ጉግል ፕሌይ ወርሃዊ በጀት ማስቀመጫ አለው፣ ግን ያስጠነቅቃል እንጂ አይከለክልም። ገንዘብ ይቆጥባል ብለው አይመኩበት።

ታሪኩን ዛሬ ነገ ሳይሉ መገልበጥ ይገባል። የኒንቴንዶ መሣሪያዎች የሆኑት የዊ ዩ እና የ3ዲኤስ መደብሮች ማርች 27 ቀን 2023 መሸጥ አቁመዋል፤ የኤክስቦክስ 360 መደብር ጁላይ 29 ቀን 2024 ተዘግቷል። መደብር ሲዘጋ የተገዛው ጌም መሣሪያው ላይ ይቆያል፣ መቼና በስንት እንደተገዛ ግን በቀላሉ የሚገኝበት ቦታ እየጠበበ ይሄዳል። የመጨረሻው መጠባበቂያ የኢሜይል ሳጥኑ ነው፤ የመደብሩን ስምና «ደረሰኝ» የሚለውን ቃል መደብሩ በሚጽፍበት ቋንቋ አስገብቶ መፈለግ ብዙ ያስመልሳል።

ስቲምዲቢ፦ ለመዝናኛ

የስቲምዲቢ ማስሊያ የስቲም ፕሮፋይል ይቀበልና አንድ ትልቅ ቁጥር ይወረውራል። ሰዎች ስክሪንሹት አንስተው «ይህን ሁሉ አወጣሁ!» የሚሉት እሱን ነው። አላወጡም። ማስሊያው በአካውንቱ ውስጥ ያሉት ጌሞች ዛሬ ቢገዙ ስንት እንደሚሆኑ ነው የሚደምረው፤ የተከፈለውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በቅናሽ የተገዛው፣ በስጦታ የመጣው፣ ለአንድ ቀን በነፃ የታደለው ሁሉ በዛሬው ዋጋ ይገባል። ከሽያጭ የወረደ ጌም ደግሞ ዋጋ ስለሌለው ከስሌቱ ይቀራል። በዝቅተኛ የቅናሽ ዋጋ የሚሠራው ሁለተኛ ቁጥሩ ወደ እውነቱ ይጠጋል፣ ያም ቢሆን ግምት ነው። እንዲሠራ ከተፈለገ በፕሮፋይሉ ቅንብር ውስጥ የጌም ዝርዝሮች ለሁሉም ክፍት መሆን አለባቸው፤ ካልሆነ ምንም አያነብም።

ፕራይስቻርቲንግ እና ሲኤልዜድ ጌምስ፦ መደርደሪያ ላላቸው

ካርትሪጅና ዲስክ (የጌም መጫወቻ መሣሪያ ላይ የሚሰካ ወይም የሚገባ ጌም) ለሚሰበስብ ሰው ፕራይስቻርቲንግን የሚያህል የዋጋ ማጣቀሻ ማግኘት ይከብዳል። ዋጋውን የሚያወጣው ሻጮች ከጠየቁት ሳይሆን ተሽጠው ካለቁ ዕቃዎች ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ መጠየቅማ ማንም ይጠይቃል። አንድን ጌም ያለ ሳጥን፣ ከነሙሉ ዕቃው፣ ያልተከፈተ፣ ሳጥኑ ብቻ፣ መመሪያው ብቻ እያለ ይለያል። ዕቃውን ወደ ስብስብ ሲያስገቡ የተገዛበትን ዋጋ የሚጽፉበት ቦታም አለው።

ነገር ግን ያ ቦታ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚይዘው። መላኪያው፣ ቀረጡ፣ የምንዛሪ ኪሳራው ለብቻ አይገቡም፤ ደምሮ ማምጣቱ የተጠቃሚው ፈንታ ነው። ብዙ ሰው የጌሙን ዋጋ ብቻ ይጽፍና አፑ «ትርፍ» ሲያሳየው ያምናል። ሁለተኛው ስህተት ክልል ነው። አንድ ጌም የአሜሪካ፣ የአውሮፓ እና የጃፓን ስሪት ካለው ሦስቱም የተለያየ ገጽና የተለያየ ዋጋ አላቸው፤ በፍለጋ የመጀመሪያውን ውጤት የሚጫን ሰው የጃፓኑን ካርትሪጅ በአሜሪካው ዋጋ ሲያደንቅ ይኖራል።

ሲኤልዜድ ጌምስ በካታሎግነቱ ይበልጣል። በስልክ ካሜራ ባርኮድ አንብቦ ሽፋኑን፣ መድረኩንና ስሪቱን ይሞላል፤ የግዢ ቀን፣ የግዢ ዋጋ እና የተገዛበት መደብር የየራሳቸው መስክ አላቸው። የገበያ ዋጋውን የሚያመጣው ከዚያው ከፕራይስቻርቲንግ ነው፤ ስለዚህ ለዋጋ ብቻ ሁለቱንም መያዝ ድግግሞሽ ነው። ሳጥን የሌለው ካርትሪጅ ባርኮድ የለውም፣ ባርኮዱ ሳጥኑ ላይ ነበርና፤ እንደዚህ ያለውን በስም መፈለግ ግድ ነው። በክፍያ የሚሠራ አገልግሎት መሆኑንም ልብ ይሏል፤ የወጪ መከታተያው ራሱ በወጪው ሠንጠረዥ ላይ አንድ ረድፍ ይገባዋል።

የትኛውንም አፕ ከመምረጥ በፊት አንድ ፈተና አለ። 5 ጌም ብቻ አስገብቶ ወደ ፋይል ማውጣት ይሞክሩ። የወጣው ፋይል ውስጥ የጻፉት የግዢ ዋጋና ቀን ከሌለ 300 ጌም ሳያስገቡ ይተዉት።

ሠንጠረዡ

ለ«ስንት አስወጣ?» አሸናፊው ሠንጠረዥ ነው፣ ሁለተኛም አይከተለውም። ግን አብዛኛው ሰው ከመጀመሪያው አሳስቶ ይሠራዋል፦ ለአንድ ጌም አንድ ረድፍ ይሰጣል። ገንዘብ በጌም ልክ አይወጣም። በአንድ ክፍያ ስድስት ጌም ይመጣል፤ አንድ ጌም ደግሞ ዛሬ ራሱ፣ በወሩ ተጨማሪ ምዕራፉ፣ በዓመቱ የገጸ ባሕሪው ልብስ እየተባለ አራት ጊዜ ይከፈልበታል። ስለዚህ ሁለት ገጽ ይኑር። በአንዱ ገጽ አንድ ረድፍ ማለት አንድ የገንዘብ እንቅስቃሴ ነው፦ የክፍያ ቁጥር፣ ቀን፣ ለማን፣ መድረክ፣ ዓይነት፣ የዕቃው ዋጋ፣ መላኪያ፣ ቀረጥና የክፍያ ወጪ፣ ከባንክ የተቆረጠው ጠቅላላ። በሌላኛው ገጽ አንድ ረድፍ አንድ ጌም ነው፣ ከመጣበት የክፍያ ቁጥር ጋር። ክፍያዎቹን በክፍያ ቁጥር እየለየ የሚደምረው «ሰምኢፍ» ፎርሙላ ሁለቱን ያገናኛል፤ በወርና በመድረክ ለማየት ደግሞ ፒቮት ቴብል (ረድፎችን በየቡድናቸው የሚደምር የሠንጠረዥ መሣሪያ) ይበቃል።

ጅምላ ግዢ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል፣ ሒሳቡ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ኮንሶልና አራት ካርትሪጅ በአንድ ላይ በ120 ተገዙ እንበል። ለአምስት አካፍሎ እያንዳንዱን 24 ማለት ቀላል ነው፣ ግን ከንቱ ነው። ትክክለኛው መንገድ በዚያ ቀን የነበራቸውን የገበያ ዋጋ መያዝ ነው፦ ኮንሶሉ 80፣ ካርትሪጆቹ 40፣ 20፣ 12 እና 8፣ በጠቅላላ 160። 120ን ለ160 ሲያካፍሉት 0.75 ይመጣል። የእያንዳንዱ ዋጋ በ0.75 ይባዛል፦ ኮንሶሉ 60፣ ካርትሪጆቹ 30፣ 15፣ 9 እና 6። ድምሩ ተመልሶ 120 ነው። አሁን ኮንሶሉ በ70 ቢሸጥ ትርፉ 10 ነው፤ በእኩል ያካፈለው ሰው ግን 46 አተረፍኩ ብሎ በዚያ «ትርፍ» ሌላ ኮንሶል ይገዛል። መላኪያ ካለ ከ120ው ላይ ተደምሮ ነው የሚካፈለው። ጥቅል የዲጂታል ቁልፎችም በዚሁ ይሠራሉ፤ ያልተከፈተ ቁልፍ ቢሆንም ተከፍሎበታል፣ ይቁጠሩት።

ምንዛሪ። ጉግል ሺትስ «ጉግልፋይናንስ» የሚባል ፎርሙላ አለው፣ ብዙዎች ይወዱታል። ቀን ሳይሰጡት ከተጠቀሙበት የሚያመጣው የዛሬውን ተመን ስለሆነ የሦስት ዓመት በፊቱ ወጪ በየቀኑ ሲለዋወጥ ይኖራል። ቀን ከሰጡት ደግሞ አንድ ቁጥር ሳይሆን ርዕስ ያላት ትንሽ ሠንጠረዥ ይመልሳል፤ «ኢንዴክስ» በሚለው ፎርሙላ ውስጥ ከትቶ 2ኛ ረድፍ 2ኛ ዓምድን መጥራት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሆኖም ካርዱ የሚቆርጠው በገበያው ተመን አይደለም፣ ባንኩም የራሱን ይጨምራል። ከባንክ መግለጫው ላይ የተቆረጠውን ራሱን መጻፍ ከሁሉም ፎርሙላ ይበልጣል።

ወርሃዊ ክፍያዎች የራሳቸው ዓይነት ይሰጣቸው እንጂ ለየጌሙ አይከፋፈሉ። ጌም ፓስ ወይም ፕሌይስቴሽን ፕላስ ሲቋረጥ በእነሱ የመጡት ጌሞች አይከፈቱም፤ ስብስብ ውስጥ አስገብቶ ዋጋ መስጠት የተከራዩትን ቤት ርስት ብሎ እንደመጻፍ ነው። በጌም ውስጥ የሚገዛ ሳንቲምና እንቁ የሚመዘገበው በገንዘብ ሲገዛ ነው፣ ልብስ ሲገዛበት አይደለም፤ ሻጮቹ የሚሸጡበት ጥቅል ከሚፈለገው ልብስ ዋጋ ጋር ስለማይገጥም ሁልጊዜ የሚተርፍ አለ፣ ያም ትርፍ ተከፍሎበታል።

የአሮጌ ጌም ሰብሳቢ የሚረሳው ሌላ ዓይነት ወጪ አለ፦ ጨዋታው የደረሰበትን የሚያስቀምጥ የካርትሪጅ ባትሪ፣ የሳጥን መከላከያ ፕላስቲክ፣ የኒንቴንዶን አሮጌ ካርትሪጅ የሚፈታው የ3.8 ሚሊ ሜትር መፍቻ፣ ኮንሶሉን የሚፈታው የ4.5። አንድ በአንድ ሲታዩ ኢምንት ናቸው። «ጥገናና ዕቃ» የሚል ዓይነት ተሰጥቷቸው ዓመቱ ሲዘጋ ፒቮቱ ላይ ብቅ ሲሉ ግን ኢምንትነታቸው ይጠፋል።

የተገዛበት ዋጋ የተረሳ ጌምስ? ባዶ ይተው። ዜሮ አይጻፍ፤ የአማካይ ፎርሙላው ባዶ ሴልን ይዘላል፣ ዜሮን ግን ቆጥሮ አማካዩን ያወርደዋል። ዜሮ በነፃ ለመጣ ብቻ ነው። የዛሬውን የገበያ ዋጋ መሙላት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ «ስንት አስወጣ?» የሚለው ዓምድ ውስጥ የ«ስንት ያወጣል?» መልስ ይገባና ከዚያ ወዲያ ሁለቱን የሚለይ የለም። ግምት መጻፍ ካስፈለገ «ግምት» የሚል ምልክት የሚይዝ አንድ ዓምድ ይጨመር።

እንግዲህ ለማን የትኛው? ስቲም ላይ ብቻ ለሚገዛ የስቲም ገጽ ይበቃዋል፣ ሠንጠረዥም አያስፈልገውም። ከ50 በታች ካርትሪጅና ዲስክ ላለው ሠንጠረዡ ብቻውን ይሠራል፤ የገበያ ዋጋ ሲያስፈልግ ፕራይስቻርቲንግን ከፍቶ ማየት ነው። መደርደሪያው ከሞላና አንዱን ጌም ሁለቴ መግዛት ከተጀመረ ሲኤልዜድ ክፍያው ይገባዋል፣ ወጪው ግን አሁንም ሠንጠረዡ ላይ ይቆይ። ስቲምዲቢን ለሳቅ።

ከአፕ ወደ ሠንጠረዥ ፋይል ሲያመጡ ሁለት ነገር ይጠብቃችኋል። የመጀመሪያው ባርኮድ ነው። የኒንቴንዶ ባርኮዶች በ045496 ይጀምራሉ፤ ኤክሴል ፋይሉን በቀጥታ ሲከፍተው የፊቱን ዜሮ ይበላና 12 አሃዙ 11 ይሆናል፣ ባለ 13 አሃዙ ደግሞ 4.9ኢ+12 ወደሚመስል ነገር ይቀየራል። በዚህ ሁኔታ ከተቀመጠ ዜሮው አይመለስም። ሁለተኛው የእኛው ፊደል ነው፦ ማስታወሻ በአማርኛ የጻፈ ሰው ፋይሉን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ ሲከፍት የማይነበብ ምልክት ሊያገኝ ይችላል። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው። ፋይሉን በቀጥታ ከመክፈት ይልቅ ባዶ ሠንጠረዥ ከፍቶ በ«ዳታ» ሜኑ ከጽሑፍ ፋይል ማስገባት፣ ኢንኮዲንጉን (ፊደሉ የሚነበብበትን ሥርዓት) 65001 ዩቲኤፍ-8 ማድረግ፣ የባርኮዱን ዓምድ «ጽሑፍ» ብሎ መምረጥ፣ ከዚያ ማስገባት። ፊደሉም ይነበባል፣ ዜሮውም በቦታው ይቆማል።